አምስቱም ራይቶች ተሟልተው መድኃኒቱ የማይሰጥበት ጊዜ አለ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ተማሪነት ነው ትዝ ያለኝ። «ክፍል ውስጥ የነርሲንግ ፕሮሰስን አምስት ደረጃዎች ተማርን፣ ፋይቭ ራይትስንም ሸመደድን። ዋርድ ስንወጣ ግን የማየው መድኃኒት ማደል ብቻ ነው። ሁለቱ የት ነው የሚገናኙት? ፕራክቲካል ነርስንስ የቱ ይመለከታታል?» ብለሻል። ዋርድ ላይ መድኃኒት ስሰጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ፋይቭ ራይትስ የሚጠብቀው መድኃኒቱ ከኦርደሩ (ከሐኪሙ ትእዛዝ) ተነስቶ ታካሚው ጋ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ነው። ልክ መሆናቸው የሚረጋገጠው አምስቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ታካሚው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድ፣ ሰዓቱ። ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖ ታካሚው ግን ዛሬ ያንን መድኃኒት መውሰድ የሌለበት ሁኔታ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቂው በነርሲንግ ፕሮሰሱ ነው፦ አሰስመንት (ታካሚውን ማየትና መረጃ መሰብሰብ)፣ ዲያግኖሲስ (ችግሩን መለየት)፣ ዕቅድ፣ መስጠት (ትግበራ)፣ ኢቫሉዌሽን (ውጤቱን መገምገም)።

እኔን ያስተማሩኝ አንዲት ታካሚ ናቸው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ነበር። በልብ ድካም የተኙ እናት ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) እና ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ይወስዳሉ። ስማቸውን ጠየቅኩ፣ ከካርዳቸው ጋር አመሳከርኩ፣ መድኃኒቱንና መጠኑን አየሁ። ሁሉም ልክ ነው። ፐልሳቸውን (የልብ ምታቸውን) እጃቸው ላይ ይዤ 15 ሰከንድ ቆጠርኩና በ4 አባዛሁት። 64 መጣ። ቁርሳቸው ሳይነካ አጠገባቸው ተቀምጧል። «ምነው፣ አልበሉም?» አልኳቸው። «ከትናንት ጀምሮ ያቅለሸልሸኛል ልጄ፣ ምግብ ሲሸተኝ አይሆንልኝም» አሉኝ። አዘንኩላቸውና ክኒኑን ላቀብላቸው እጄን ዘረጋሁ።

ቀጥሎ ካለው አልጋ አንዲት ነባር ሲስተር ሰምታን ኖሮ «ቆይ» ብላ መጣች። ስቴቶስኮፗን ደረታቸው ላይ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። 52። ምቱ ወጥ አልነበረም፣ እኔ የቆጠርኩት ፈጠን ያለችውን 15 ሰከንድ ነበር። ሐኪሙ ተጠራ፣ ዲጎክሲኑን አስቆመ፣ ደም ተላከ። ፖታሲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ላሲክስ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ዲጎክሲን በተለመደው መጠኑ እንኳ ሊመርዝ ይችላል። ማቅለሽለሽና ምግብ መጥላት ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። አንዳንዱ ታካሚ ነገሮች ቢጫ ሆነው ይታዩታል። እናትየዋ እኮ ነግረውኝ ነበር። እንደ ወሬ ሰምቼ አለፍኩት እንጂ።

ስለዚህ አሰስመንት ስልሽ አዲስ ታካሚ ሲገባ የሚሞላውን ረጅሙን ፎርም ብቻ እንዳታስቢ። ከእያንዳንዱ ዶዝ በፊት የምታደርጊው አጭር አሰስመንት አለ፣ እሱን ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ይመራሻል። ዲጎክሲን ከሆነ የልብ ምት ደረት ላይ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፣ አዋቂ ላይ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይቆይና ሪፖርት ይደረጋል። የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነ ግፊቱ አሁን ይለካል፣ የሌሊቱ ሺፍት የጻፈው አይበቃም። ሞርፊን ከሆነ አተነፋፈስና ንቃት ይታያል። ማግኒዥየም ሰልፌት (በእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣን መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒት) ከሆነ ከእያንዳንዱ ተከታይ ዶዝ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ፦ አተነፋፈስ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበት ሲመታ እግር መወርወሩ) መኖሩ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር። አንዱ ከጎደለ አልሰጥም። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም እጄ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይቀመጣል።

አለርጂን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። «አለርጂ አለዎት?» ስትያቸው ብዙዎች «የለም» ይላሉ። «ከዚህ በፊት መርፌ ወይም ክኒን ወስደው ያሳከክዎት፣ ያበጡበት፣ ትንፋሽ ያጠረዎት ጊዜ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ብዙ ጊዜ ይለያል።

ዲያግኖሲሱ ላይ አልቆይም። በብዙ ቦታ የነርሲንግ ዲያግኖሲሱንና ዕቅዱን በኃላፊነት የምትይዘው ፕሮፌሽናል ነርሷ ናት። ፕራክቲካል ነርስ መረጃ ትሰበስባለች፣ ያየችውን ታሳውቃለች፣ ለዕቅዱ ግብዓት ትሰጣለች። ግን እየሰጠሽው ያለው መድኃኒት ምን አደጋ እንደሚያመጣ ማሰብ ያንቺም ሥራ ነው። ላሲክስ የሚወስዱ አዛውንት ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ሊወድቁ ይችላሉ። ይህ ከገባሽ መጥሪያውን አጠገባቸው ታደርጊያለሽ፣ ዶዙ ለምን ጠዋት እንደሚሰጥም ይገባሻል።

ዕቅድ ደግሞ ሺፍት ስትረከቢ የሚጀመር ነገር ነው። ማን ይቅደም? ኢንሱሊን የሚወስደው ምግቡ መቼ ይመጣል? መዋጥ የሚቸገረውስ? ቀስ እያለ እንዲለቀቅ የተሠራ ክኒን ተፈጭቶ ከተሰጠ ለረጅም ሰዓት የታሰበው መጠን በአንዴ ይገባል። ስለዚህ ከመፍጨትሽ በፊት ፋርማሲስት ጠይቂ።

መስጠቱ ላይ ሦስቴ ማየትን አትተዪ፦ ከመደርደሪያው ስታነሺ፣ ስታዘጋጂ፣ ታካሚው አጠገብ ሆነሽ። ስምም ራሱ ይናገር። «እርስዎ እገሌ ነዎት?» ብለሽ ከጠየቅሽ መስማት የሚቸግራቸው ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው «አዎ» ይሉሻል፣ የሌላ ሰው ስም ብትጠሪም እንደዚያው። ስሙን ካርዱ ላይ ካለ ሌላ ነገር ጋር አገናኚው፣ ለምሳሌ ከካርድ ቁጥሩ። በአልጋ ቁጥር ግን አትተማመኚ፣ ታካሚ አልጋ ይቀይራል።

ስሌት ላይ አትፈሪ፣ ግን አትቸኩዪ። ኦርደሩ ጄንታማይሲን 60 ሚሊግራም ቢል፣ አምፑሉ ደግሞ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊግራም ቢኖረው፣ 60 ለ80 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 1.5 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ከዚያ ራስሽን ጠይቂ፦ ከሙሉ አምፑል በታች መሆን አለበት፣ ነው? ነው። ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ስህተት ትይዛለች። ስትጽፊም 0.5 እንጂ ነጥቧን ብቻ አስቀድመሽ 5 አትጻፊ፣ 1 እንጂ 1.0 አትጻፊ። ነጥቧ ካልታየች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ኢንሱሊን ላይ ደግሞ ብልቃጡንና ሲሪንጁን አስተያዪ። በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የሆነውን ኢንሱሊን ለ40 ዩኒት በተሠራ ሲሪንጅ ከቀዳሽው ታካሚው ሁለት እጥፍ ተኩል ይወስዳል። እኔ ኢንሱሊን ለሁለተኛ ሰው ሳላሳይ ሰጥቼ አላውቅም፣ የቱንም ያህል ሥራ ቢበዛ።

ታካሚው «ይሄ ክኒን የኔ አይመስልም፣ የኔው ነጭ ነበር» ካለሽ እዚያው አቁሚ። «ውሰዱ፣ ያው ነው» እንዳትይ። ተመልሰሽ ኦርደሩን እይ። እንዲህ ካሉኝ ታካሚዎች ልክ የነበሩት ጥቂት አይደሉም።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚዘለው ደረጃ ልምጣ። ኢቫሉዌሽን። ሰጠን፣ ፈረምን፣ አለፍን፣ አለቀ። አላለቀም እኮ! የሕመም ማስታገሻ የሰጠሽው ሰው 8 ከ10 ብሎሽ ከነበረ፣ የሚዋጥ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ «አሁንስ ስንት ነው?» ማለት አለብሽ። 7 ካለሽ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው፣ ይህን ለነርሷ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። ሬጉላር ኢንሱሊን ከሰጠሽ ኃይሉ የሚበረታው ከተሰጠ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ምግቡን ግማሽ በልቶ የተወ ታካሚ በዚያ ሰዓት ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ግራ ሲጋባ ካገኘሽው ስኳሩ ሳይለካ አትለፊው። ለመጀመሪያ ጊዜ የፀረ ተሕዋስያን መርፌ የተወጋን ሰው ደግሞ ወዲያው ጥለሽው አትሂጂ። ሲመዘገብም የሰጠሽው ብቻ ሳይሆን ምን እንዳመጣም ይጻፍ። ከመስጠትሽ በፊት ግን በፍጹም አትፈርሚ። ታካሚው ሊተፋው ይችላል፣ እምቢ ሊል ይችላል፣ ኤክስሬይ ሊሄድ ይችላል።

«ሰዓት ከየት ይመጣል?» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙ ታካሚ ይዘሽ ሁሉም በአንድ ሰዓት መድኃኒት ይጠብቃሉ። እኔ ለኪሴ ትንሽ ወረቀት አዘጋጃለሁ። በግራ በኩል ከመስጠቴ በፊት የማየውን፣ በቀኝ በኩል ተመልሼ የማይበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ለሁሉም እኩል ጊዜ አልሰጥም። ለቫይታሚን ክኒን የማጠፋውን ጊዜ ለዲጎክሲን፣ ለኢንሱሊን፣ ለሄፓሪን (ደም ማቅጠኛ)፣ ለሞርፊን አደርገዋለሁ።

ተጠራጥረሽ መድኃኒት ሳትሰጪ ካቆየሽ፣ መጠን የመቀየር ሥልጣን የለሽምና ወዲያው ለፕሮፌሽናል ነርሷ አሳውቂ፦ ምን እንዳየሽ፣ ስንት እንደለካሽ፣ ምን እንዳልሰጠሽ። «ትንሽ ደከም ብለዋል» አትበያት። «ፐልሳቸው 52 ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ያቅለሸልሻቸዋል፣ የጠዋቱን ዲጎክሲን አልሰጠሁም» በያት። ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደነገርሽም ጻፊ።

ነገ ዋርድ ስትወጪ አንድ ታካሚ ምረጪ፣ ከሚወስዳቸው መድኃኒቶችም አንዱን ብቻ። ከመስጠትሽ በፊት ምን ማየት እንዳለብሽ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተመልሰሽ ምን እንደምትፈልጊ ጻፊና የታካሚውን ስም ሳትጠቅሺ እዚህ አምጪው። አብረን እናየዋለን።