ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት ለምንድን ነው? ጥያቄና መልስ

ለዓመታት በሥነ ሕዝብ ሥራ ላይ ስለቆየሁ በዚህ ርዕስ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 ባወጣው ግምት የሴቶች አማካይ ዕድሜ (ማለትም አንድ ሕፃን ሲወለድ በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዓመት) 76፣ የወንዶች 71 ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ 5 ዓመት ያህል ነው። ከአገር አገር ግን እጅግ ይለያያል፤ በሩሲያ በ1994 የወንዶች አማካይ ዕድሜ ከ58 ዓመት በታች ሲወርድ የሴቶቹ 71 ገደማ ነበር። ለዚህ ክፍተት ከዋነኞቹ ተጠያቂዎች አንዱ የአልኮል መጠጥ ነው።

ጥያቄ፦ የወንዶች አማካይ 71 ከሆነ፣ 70 ዓመት የሞላኝ እኔ አንድ ዓመት ብቻ ቀረኝ ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! አማካዩ በጨቅላነታቸውና በጉልምስናቸው የሞቱትን ሁሉ አብሮ ስለሚቆጥር ዝቅ ይላል። እርስዎ ያን ሁሉ አልፈው እዚህ ስለደረሱ፣ በስሌቱ መሠረት ገና ብዙ ዓመታት ይቀርዎታል።

ጥያቄ፦ ምክንያቱ ተፈጥሮ ነው ወይስ አኗኗር?

መልስ፦ ሁለቱም ነው፤ እኔ ግን ትልቁን ድርሻ ለአኗኗር እሰጣለሁ። ማርክ ሉይ የተባሉ ተመራማሪ በጀርመን የባቫሪያ ግዛት ከ11,000 በላይ የካቶሊክ ገዳማውያንን መዝገብ መርምረዋል። በገዳም ወንዱም ሴቷም በአንድ ደወል ይነሳሉ፣ ተመሳሳይ ማዕድ ይቀርባሉ፣ የዕለት ሥራቸውና ዕረፍታቸውም ተቀራራቢ ነው። በዚህ ኑሮ ውስጥ የዕድሜ ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ወርዶ ተገኘ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ልዩነቱ የጠበበበት መንገድ ነው፤ ሴቶቹ መነኮሳት በዓለም ካሉት ሴቶች ጋር ተቀራራቢ ዕድሜ ሲኖሩ፣ ወንዶቹ መነኮሳት ግን በዓለም ካሉት ወንዶች በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ከገዳም ውጭ የወንዱን ዕድሜ የሚያሳጥር አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ማጨስ፣ መጠጥ፣ አደገኛ ሥራና ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ መሄድ ነው።

ይህ ሲባል ተፈጥሮ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። በ1933 በዩክሬን በደረሰው ረሃብ የወንዶች አማካይ ዕድሜ ወደ 7፣ የሴቶች ደግሞ ወደ 11 ዓመት ገደማ አሽቆልቁሎ ነበር። እንዲህ ያሉ የመከራ ዘመናትን ያጠኑ ተመራማሪዎች የሴቶቹ ብልጫ በዋናነት የመጣው ከሕፃናት መካከል መሆኑን አሳይተዋል፤ ሕፃን ደግሞ አያጨስም፣ አይጠጣም። ሴቷ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም ስላላት በአንደኛው ላይ ያለውን ጉድለት ሌላኛው ሊሸፍንላት መቻሉና ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሽታ የመከላከል አቅምን ማገዙ እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ።

ጥያቄ፦ የወንድ ሆርሞን ዕድሜ ያሳጥራል የሚባለውስ?

መልስ፦ በኮሪያ የቾሰን ሥርወ መንግሥት ጃንደረቦች፣ ማለትም በመሰለባቸው የወንድ ሆርሞን የሚያንሳቸው የቤተ መንግሥት አገልጋዮች፣ በተመሳሳይ ማዕረግ ከነበሩ ሌሎች ወንዶች ከ14 እስከ 19 ዓመት የበለጠ እንደኖሩ በ2012 የወጣ ጥናት አመልክቷል። የተጠኑት 81 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ለማንም የሚመከር መድኃኒት አለመሆኑንም መጨመር ሳያስፈልግ አይቀርም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአባቴ በኋላ 12 ዓመት ኖረች፤ ሆኖም ያሳለፈችው በሕመም ነበር። ረጅም ዕድሜ ጤና ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ ያዩት ነገርም የተለመደ ነው። ሴቶች በአርትራይትስ፣ በአጥንት መሳሳትና በድብርት ይበልጥ ይጠቃሉ፤ እነዚህ ሕመሞች ለዓመታት ያሠቃያሉ እንጂ ቶሎ አይገድሉም። ወንዶችን በብዛት የሚቀጥፈው የልብ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ በድንገት ይመጣል። ስለዚህ ሴቷ ብዙ ትታመማለች፣ ወንዱ ቀድሞ ይሞታል።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ እየጠበበ ነው?

መልስ፦ በብዙ ሀብታም አገሮች አዎ። በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ የነበረው በ2010 ወደ 5 ዓመት ገደማ ወርዷል። ወንዶች ማጨስ መቀነሳቸው ብቻ ሳይሆን፣ ሴቶች ዘግይተው የጀመሩት ማጨስ ጉዳቱን ማሳየት መጀመሩም ለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል፤ ስለዚህ መጥበቡ በራሱ የምሥራች አይደለም።

ጥያቄ፦ አባቴም አያቴም 60 ሳይሞላቸው በልብ ሕመም ሞተዋል፤ እኔ 41 ዓመቴ ነው። ዕጣዬ ተወስኗል?

መልስ፦ አልተወሰነም። የቤተሰብ ታሪክዎ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩ። የደም ግፊት ሕመም ሳይሰማ ለዓመታት ልብን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ክንድ ላይ በሚጠመጠመው መለኪያ በዚህ ሳምንት ይለኩ፤ የደም ስኳርና ኮሌስትሮልዎንም አብረው ያስመርምሩ።