ኮንትራክተር ከአካባቢው ሰው ጋር ቢቀራረብ ምን ይጠቀማል?

"ለሰፈሩ ሰው የምናወጣው ብር ለድርጅቱ ምን ይመልሳል?" ላልከው፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚመልሰው ጊዜ ነው። መንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሰው የወሰን ማስከበርን፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት ከባለይዞታው የማስለቀቅን ጣጣ ያውቀዋል። መሬቱ ለተወሰደበት ገበሬ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚከፈለው ካሳ የኮንትራክተሩ ዕዳ አይደለም፤ ገበሬው ቅር ካለው ግን የሚቆመው የኮንትራክተሩ ዶዘር ነው፣ ኪራዩ ደግሞ በሰዓት ይቆጥራል።

አንድ የጠጠር መንገድ ላይ ፎርማን ሆኜ ስሠራ ከካምፓችን ናፍጣና ፌሮ በየሳምንቱ ይጠፋ ነበር። ዘበኛ ጨመርን፣ ወይ ፍንክች! በኋላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የመረጧቸውን የሰፈሩን ልጆች ቀጠርን፣ የውሃ ቦቴያችንም ማታ ሲመለስ የትምህርት ቤቱን በርሜሎች እየሞላ እንዲያልፍ አደረግን። ስርቆቱ ቀጥ አለ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ አባት መጥተው "ልጄ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ የሚመጣው በዚህ ነው፣ ቱቦውን እዚያ ብትቀብሩት ጠራርጎ ይወስደዋል" አሉኝ። የጎርፉ መንገድ ፕላኑ ላይ የለም። ሥራውን የሚቆጣጠረውን ኮንሰልታንት ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብን (እሱን ተወው)፣ ቱቦውን አዛወርነው፣ ክረምቱም ሳይነካው አለፈ።

ደግሞ ምርቃት ቀን በሬ ማረድን ተሳትፎ ብለህ እንዳትቆጥረው። ገና ካምፕ ሳትተክል የዕድሩን ዳኛ አነጋግር፣ የቀን ሠራተኛም ከሩቅ ጭነህ አታምጣ።