ፎል ሲገባ ትምህርቱን ቀዝቀዝ ብናደርገውስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም የዝግጅት ክፍል፣ ሁሌ አነባችኋለሁ ስፅፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ነው ያለነው፣ የአስር ዓመት ወንድ፣ የሰባትና የአራት ዓመት ሴቶች ልጆች አሉኝ፣ ከአምና ጀምሮ ሆምስኩል ነው የማደርጋቸው፣ ማለትም ቤት ነው የማስተምራቸው። ባለቤቴ ማታ ማታ ስለሚሰራ ልጆቹን በደንብ የሚያያቸው ጠዋት ነው፣ ትምህርት ቤት ከሄዱ ደሞ ያንንም ያጣዋል፣ አንዱ ምክንያታችን እሱ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ በሀይል ጀመርን፣ ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ለጥፌ በቀን ስድስት ሳብጀክት፣ ልክ እንደ ትምህርት ቤት። እንቁጣጣሽ መጣ፣ መስቀል መጣ፣ ኦክቶበር ሲገባ ሁላችንም ደከመን። ትልቁ ልጄ ዎርክሽት ሲያይ ጠረጴዛ ስር ነው የሚገባው፣ እኔም ከመጮህ ብዛት ጉሮሮዬ ተዘጋ። እስከ ታንክስጊቪንግ ቀስ ማለት እፈልጋለሁ ግን ፈራሁ። ፊላደልፊያ ያለች ጓደኛዬ «180 ቀን ካልሞላሽ ጉድ ይፈላብሻል፣ ሰዓት መዝግቢ» ትለኛለች፣ ባለቤቴ ወደ ኋላ ይቀራሉ ይላል፣ አማቴ ደሞ ከአዲስ አበባ በደወሉ ቁጥር «ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄዱም?» ነው። ሕጉ ምን ይላል? ምኑን ልቀንስ ምኑን ልተው?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከሕጉ እንጀምር፣ ያስጨነቀሽ እሱ ስለሆነ።

ጓደኛሽ አልዋሸችሽም፣ ግን የነገረችሽ የራሷን ስቴት ሕግ ነው። ፔንሲልቬንያ ሆምስኩል የሚያደርግ ወላጅ በዓመት 180 ቀን ወይም ለኤሌመንተሪ 900 ሰዓት ማስተማር አለበት፣ ከፍ ላለው ክፍል 990 ሰዓት። የቨርጂኒያ የሆምስኩል ሕግ ግን ቀንም ሰዓትም አያስቆጥርሽም። የሚፈልግብሽ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለስኩል ዲስትሪክቱ ማሳወቂያ እንድታስገቢ ነው (አስገብተሻል ብዬ ነው የማወራው)፣ እሱ ላይ የምታያይዢውም የምታስተምሪያቸውን ሳብጀክቶች ስም ዝርዝር ብቻ ነው፣ በየትኛው ወር የትኛው ገፅ ደረስሽ የሚል ነገር የለውም። ከዛ ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ትሰጫለሽ። ፈተና ካስፈተንሽው አጠቃላይ ውጤቱ አራተኛው ስታናይን (ውጤት ከ1 እስከ 9 የሚከፈልበት ደረጃ ነው) ወይ ከዛ በላይ መሆን አለበት፣ ይሄ በፐርሰንታይል 23 አካባቢ ነው፣ ማለትም ከመቶ ተፈታኝ ከሰባ በላይ የሚሆነው ቢበልጠው እንኳን አልፏል። ፈተናውን ካልፈለግሽ የመምህርነት ላይሰንስ ያለው ወይም ማስተርስ ያለው ሰው ስራቸውን አይቶ ደብዳቤ ቢፅፍልሽም ይሆናል። የአራት ዓመቷን ሕጉ ጭራሽ አያውቃትም፣ ግዴታው እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት ከሞላቸው ነው የሚጀምረው፣ ስለዚ እሷን ከዎርክሽት ዛሬውኑ ገላግያት።

ሕጉ የሚጠይቅሽ በዓመቱ መጨረሻ የት ደረሱ የሚለውን ነው፣ በኦክቶበር ስንት ሰዓት ተቀመጡ የሚለውን አይደለም።

አሁን ወደ ቅነሳው። ስድስት ሳብጀክት በቀን ለምን እንዳስፈለገሽ ይገባኛል፣ ሁላችንም የምናውቀው ትምህርት ቤት እንደዛ ስለነበር ነው፣ ግን እኮ ትምህርት ቤት ስድስት ፔሬድ የሚያስፈልገው ሠላሳ ልጅ ስላለ፣ ስም መጥራት ስላለ፣ ሰልፍ ስላለ፣ አንዱ ሲረብሽ ሌላው ስለሚጠብቅ ነው። አንቺ ጎኑ ቁጭ ብለሽ የምታስተምሪው ልጅ የዛን ግማሽ አይፈጅም። እኔ ብሆን ሁለት ነገር በየቀኑ እይዛለሁ፣ ሂሳብና ንባብ። ሂሳብ አንዱ በአንዱ ላይ የሚቆም ስለሆነ ወር ሙሉ ከተውሽው ያስከፍልሻል፣ ለትልቁ አርባ ደቂቃ፣ ለሰባት ዓመቷ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፣ ደወሉ ሲደወል ግማሽ ላይም ቢሆን ይዘጋ። ንባብ ደሞ አንቺ ጮክ ብለሽ የምታነቢላቸውም ይቆጠራል። ሌላው ሁሉ ተራ ይጠብቅ፣ በቀን አንድ ብቻ፣ ሰኞ ያልደረሰው ማክሰኞ ይደርሳል። ሰዋስውና ስፔሊንግ ዎርክቡኩን ለጃንዋሪና ፌብሩዋሪ አስቀምጪው፣ ያኔ ብርዱ ቤት ሲዘጋባችሁ የት ይሄዳሉ፣ ከባዱን ያኔ ነው መጫን።

ቀስ ማለት ግን አይፓድ መስጠት አይደለም፣ ይሄን እንዳንተላለፍ። ከጠዋት ጀምሮ ዩቲዩብ ላይ የዋለ ልጅ ከሰዓት መፅሐፍ ቢሰጡት አያነብም፣ ያኔ ባለቤትሽም ልክ ይሆናል። የተለቀቀው ሰዓት በሆነ ነገር መያዝ አለበት፣ ደግነቱ ፎል ራሱ ብዙ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው።

ለምሳሌ ቅጠሉ። ገና አረንጓዴ የሆነ የሜፕል ቅጠል ልጆቹ ለቅመው ይምጡ፣ በትንንሹ ቀደው ብርጭቆ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ይደቁሱት፣ አንቺ ፋርማሲ የሚሸጠውን ረቢንግ አልኮል እስኪሸፍነው ታፈስሺበታለሽ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ምድጃው ጠፍቶ። ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆይው፣ ፈሳሹ አረንጓዴ ሲሆን ከኮፊ ፊልተር ላይ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠሽ ጫፉን አስነኪውና ተዪው። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እየወጣ ይሄዳል፣ ከአረንጓዴው ተለይቶ ቢጫ ታያላችሁ። ከአረንጓዴ ቅጠል ቢጫ! ይሄኔ ነው መንገር፣ ቢጫው በጋውን ሁሉ እዛው ነበር፣ ክሎሮፊል ሸፍኖት ነው፣ ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ክሎሮፊል መስራቱን ሲያቆም ቢጫው ይገለጣል። ቀዩ ደሞ ሌላ ነው፣ እሱ ቀድሞ አልነበረም፣ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር በፎል ጊዜ የሚሰራ ነው። ትልቁ ልጅሽ ይሄን በራሱ አፍ ለአባቱ ካስረዳ የሳምንቱ ሳይንስ አለቀ፣ ዎርክሽት አያስፈልገውም።

ትልቁ አስር ዓመቱ አይደል? ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ የሚባለው ነፃ ፓስ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ነው፣ ሆምስኩል ለሚማር የአስር ዓመት ልጅም ይሰጣል፣ ኦንላይን ሞልታችሁ ፕሪንት ታደርጉታላችሁ። በሱ ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ መኪናችሁን ይዛችሁ በነፃ ትገባላችሁ። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፣ ሁሉን ንዱት አልልሽም፣ ከፍሮንት ሮያል ገብታችሁ ትንሽ ሄዳችሁ ዳቦና ሻይ ይዛችሁ ቁጭ ማለት ነው። ቅጠሉ ብዙ ጊዜ የሚያምረው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ነው፣ ቅዳሜና እሁድ መኪና ከመኪና ተያይዞ ስለሚቆም ማክሰኞ ሂዱ፣ ሆምስኩል እንዲህ ሲሆን ነው ጥቅሙ።

አማትሽን በተመለከተ ደሞ አትከራከሪያቸው። በክርክር የተረታች አማት እኔ አላየሁም። ልጆቹን አስደውይያቸው። ቨርጂኒያ ጠዋት 8 ሲሆን አዲስ አበባ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ ግን ያው ጠዋት 8 አዲስ አበባ 10 ሰዓት ይሆናል፣ አያቱ ሰዓታቸውን ሳይነኩ እንዴት ተቀየረ? ይሄን ሰባት ዓመቷም ብትሆን ሰዓት ስላ ልትደርስበት ትችላለች። ደሞ በየሳምንቱ «አያቴ እዛ ስንት ሰዓት መሸ?» እያሉ ይጠይቁና ደብተር ላይ ይፃፉት፣ እናንተ ጋር ጁን ላይ 15 ሰዓት ሊሞላ የቀረበው የቀን ብርሃን ዲሴምበር ላይ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ግን ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለምን እንደሆነ ብርቱካንና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሞክሩት።

ለትልቁ ልጅ ደሞ ማካፈል ከጠላ ባህረ ሐሳብ (የአገራችንን ዘመንና በዓል ማስሊያውን) ስጪው። በኛ አቆጣጠር 2018ን ውሰጂ፣ 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል፣ ይሄን ለ4 ሲያካፍል 1879 ደርሶት 2 ይተርፋል። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው፣ ስለዚ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ከዛ 7518 እና 1879 ይደመሩ፣ 9397፣ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ምንም ካልተረፈ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፣ እውነትም የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር። የ2019ን ራሱ ይስራው (ዓርብ ካልመጣለት ይድገመው)፣ የሚተርፈው 3 ስለሆነ ሉቃስ ነው፣ በሉቃስ ደሞ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ይሄን በስልክ ለአያቱ ሲዘረግፍላቸው ትምህርት ቤት ሄደ አልሄደ የሚለው ወሬ ለጊዜው የሚቆም ይመስለኛል። ረጅም ማካፈል እንደሆነ ልጁ ላይታወቀው ሁሉ ይችላል።

ባለቤትሽ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከስራ ሲገባ «ዛሬ ምን ተማሩ?» ብሎ ከሚፈትናቸው ጠዋት ቁርስ ላይ ፊደሉን እሱ ይያዘው። ሰባት ዓመቷ በሳምንት ሁለት ሦስት ፊደል ከነዘሩ ብትይዝ ሠላሳ ሦስቱን ከፋሲካ በፊት ጨርሳ ታነባለች፣ የኔታም ቢሆኑ አቡጊዳን አስቸኩለው አላስተማሩም። ወደ ኋላ መቅረታቸውን የሚፈራ አባት ልጁ ስትገፋ በዓይኑ ካየ ይረጋጋል፣ አንቺም በዛች ግማሽ ሰዓት ቡናሽን ቁጭ ብለሽ ትጠጫለሽ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነኝ፣ የካውንቲው ሰው ፖርትፎሊዮ (የልጆቹ ስራ የተሰበሰበበትን ማህደር) ሊያይ ነው፣ እኛ ደሞ ፎሉን ሙሉ የሰራነው ዱባና ቅጠል ነው፣ ስልኬ ላይ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ። ይጥሉኝ ይሆን?
ሀ.፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ሜሪላንድ ከቨርጂኒያ ትንሽ ጠበቅ ትላለች። ሰዓት አትቆጥርም ግን ስምንት ሳብጀክት በስም ትጠራለች፦ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ አርት፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት። ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያይሽ ይችላል። ፎቶዎቹን ፕሪንት አድርጊና ቀን ፃፊባቸው፣ ዱባውን መዝናችሁ፣ ፍሬውን ቆጥራችሁ ከሆነ ሂሳብ ስር ይግባ፣ ቅጠሉ ሳይንስ፣ የሳሉት አርት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚማሩ ከሆነ ሙዚቃ። የሚያሳስበኝ እንግሊዝኛው ነው፣ በእጃቸው የፃፉት ነገር ከሌለ ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ አንቀፅ ስለ ዱባውም ቢሆን ይፃፉ፣ ያነበቡትን መፅሐፍ ስም ዝርዝርም ያዢ። የጎደለ ነገር ቢገኝ እንኳን በፅሁፍ ነግረውሽ ማስተካከልሽን እንድታሳዪ 30 ቀን ይሰጡሻል፣ በአንድ ቀን የሚጣል ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። አሜሪካ ያሉ እህቶቼ ሆምስኩል ሲያደርጉ እያየሁ ቀናሁ። ልጆቼን ከትምህርት ቤት አውጥቼ እኔ ባስተምራቸውስ?
እናት፣ ከጀርመን

መልስ፦ አትችዪም እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት፣ ቤት ማስተማር እሱን አይተካም። ለሀይማኖታችን ብለን ቤት እናስተምር ያሉ ጀርመናውያን ወላጆች እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በፈረንጆቹ 2006 ላይ አቤቱታቸው ተቀባይነት አላገኘም። ግን ፍራንክፈርት ያለችው ሄሰን ስቴት ውስጥ ስለሆነ ኸርብስትፈሪየን (የፎል የትምህርት ቤት እረፍት) ሁለት ሳምንት አለሽ፣ ከላይ ለቨርጂኒያዋ እህት ያልኳትን ቅጠሉንም ባህረ ሐሳቡንም ያኔ አድርጊው፣ ፊደሉን ደሞ ቅዳሜ ቅዳሜ። ለእረፍቱ አገር ቤት ልትሄዱ ከሆነ ትኬት ስትቆርጪ ርካሽ ነው ብለሽ እረፍቱ ሳይጀምር ባለው ሐሙስና ዓርብ እንዳትበሪ፣ ያለፈቃድ ካስቀረሻቸው ያስቀጣል።