ባሳኒዮ ምን ያውቅ ነበር?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ባቋቋምነው የንባብ ክበብ የሼክስፒርን «የቬኒሱ ነጋዴ» ስናነብ ሰንብተናል። አንቶኒዮ ለወዳጁ ለባሳኒዮ ሦስት ሺህ ዱካት ለማስገኘት ሲል፣ ዕዳው በሦስት ወር ባይከፈል ከገዛ ሥጋው አንድ ፓውንድ እንዲቆረጥ ከአራጣ አበዳሪው ከሻይሎክ ጋር ይዋዋላል፤ ባሳኒዮም በዚያው ገንዘብ ቤልሞንት ሄዶ ባለጸጋዋን ፖርሺያን ያገባል። ክበባችን ግን አንቶኒዮን «ሞኝ» ብሎ ፈረደበት። የተበደለ እንጂ ሞኝ አይደለም ብዬ ብሟገት የሚሰማኝ አጣሁ። ባሳኒዮ እኮ ከዚያ በፊትም ከእርሱ ተበድሮ ያልመለሰ ሰው ነው፤ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስም «ወዳጄ ምን ሆነ?» ሲል አይታይም።

እንዲህ የምብከነከነው ነገሩ የእኔም ስለሆነ ነው። አዘዞ ሱቅ ለከፈተ አብሮ አደጌ የብድር ዋስ ሆኜ ፈረምሁ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ክፍያው ተቋረጠና አበዳሪው ከደመወዜ መቁረጥ ጀመረ። እርግጥ ያን ጊዜ «አትፈርም፣ ሌላ መላ እፈልጋለሁ» ብሎኝ ነበር። እኔም «የዕዳውን ነገር ለእኔ ተወው» ስላልሁት ስለሚቆረጠው ገንዘብ አልነገርሁትም። ነገር ግን ወዳጅ የሆነ ሰው ሳይነገረው ማወቅ አልነበረበትምን? ከፋሲካ በኋላ ስለሚያገባ ስለ ድግሱ ደጋግሞ ይደውልልኛል፤ ስለ እኔ ኑሮ አንድም ቀን አልጠየቀም። አንደኛ ሚዜው እንድሆንም ይፈልጋል። ሚዜነቱን ትቼ፣ የተቆረጠብኝን ሁሉ ዘርዝሬ በሰርጉ ዋዜማ ደብዳቤ ልላክለትን?

ሆድ የባሰው መምህር፣ ከጎንደር

መልስ

ወንድሜ፣ ያንን ደብዳቤ አይላኩት። አንቶኒዮ ከእርስዎ በፊት ጽፎታል። ፖርሺያን የሚያገባው ከወርቅ፣ ከብርና ከእርሳስ ማዕድን ከተሠሩ ሦስት ሣጥኖች ትክክለኛውን የመረጠ ነውና፣ ባሳኒዮ የእርሳሱን መርጦ እርሷን ባገኘበት ሰዓት የሚደርሰው ደብዳቤ፣ መርከቦቼ ሁሉ ጠፍተዋል፣ ከሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ባይህ በመካከላችን ያለው ዕዳ ሁሉ ይሰረዛል፣ ፍቅርህ ካላመጣህ ግን ደብዳቤዬ አያምጣህ ይላል። ይህንን ባነበብሁ ቁጥር አዝናለሁ፣ እቆጣለሁም፤ ዕዳውን የማረ መስሎ በሌላ በኩል ከዚያ የከበደ ዕዳ ይጭናልና። እርስዎ የዘነጉት ነገር ቢኖር፣ ባሳኒዮ ይህን እንዳነበበ ጋብቻውን ፈጽሞ፣ የሰርጉን ሌሊት እንኳ ሳያድር ወደ ቬኒስ መገስገሱን ነው። ሲያውቅ መጣ፤ ያልመጣው ሳያውቅ ነበር።

ለምን አላወቀም? «አትፈርም ብሎኝ ነበር» የሚለውን በግማሽ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ እኔ ግን የጉዳዩን ሥር ያየሁት እዚያ ነው። ባሳኒዮም እንዲህ ያለ ውል ከምትፈርምልኝ በችግሬ ብኖር ይሻለኛል ብሎ ነበር። አንቶኒዮ ግን መርከቦቼ ከቀኑ አንድ ወር ቀድመው ይገባሉ ብሎ አፉን ዘጋው፤ ሲሸኘውም ለእኔ ብለህ አትቸኩል፣ የሻይሎክ ውልም ሐሳብህ ውስጥ አይግባ አለው። አታስብ የተባለ ሰው ስላላሰበ እንዴት ይከሰሳል? እርስዎም «ለእኔ ተወው» ብለው ከልክለውት ሲያበቁ፣ ስላልጠየቀ በልብዎ ችሎት አቁመው እየፈረዱበት ነው። ይህ አግባብ አይደለም።

ሆኖም ጎዶሎ ደመወዝ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ፣ ለወዳጁ ሲል ዝም ያለ ሰው ስቃይ ይገባኛል። የሚፈልጉት ገንዘቡን ብቻ አይመስለኝም፤ የከፈሉትን ዋጋ እንዲያይልዎት ነው። አንቶኒዮም የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን በተውኔቱ መጨረሻ፣ ከሻይሎክ ውል ተርፎ፣ ጠፉ ከተባሉት መርከቦቹ ሦስቱ በደኅና መግባታቸውን ቢሰማም፣ በሦስት ጥንዶች መካከል ብቻውን ይቆማል። ያም አልበቃው ብሎ ፖርሺያ ፊት እንደገና ለባሳኒዮ ዋስ ይሆናል፣ ያውም በነፍሱ። እርስዎን እዚያ ቆመው ላይዎት አልፈልግም።

ስለዚህ ዋዜማውን ሳይጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት የደመወዝ ወረቀትዎን ይዘው አዘዞ ይውረዱ። እስከ ዛሬ የተቆረጠውን፣ የቀረውን፣ ቤትዎ የጎደለውንም ሳይሸፋፍኑ ይንገሩት፤ ከድግሱ ወጪ ቀንሶም ቢሆን ክፍያውን እንዲጀምር ይጠይቁት። «ግድ የለም» የምትለው ቃል ከአፍዎ እንዳትወጣ አደራ እላለሁ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ፊቱን ካዞረ ቅሬታዎ እውነተኛ ነውና መልሰው ይጻፉልኝ፤ ያን ጊዜ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ። እስኪነግሩት ድረስ ግን ሚዜነቱን እምቢ አይበሉ።