ከካፕካት ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለምትሻገሩ ወጣት ኤዲተሮች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ሰሞኑን በስልኩ ላይ በካፕካት ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ አሁን ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ልሻገር ወይስ ወደ ፕሪሚየር ፕሮ? የበለጠ ኢፌክት ያለው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቱም በኮምፒውተር ቪዲዮ የሚቀናበርባቸው ሶፍትዌሮች ናቸው። የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ጥያቄው የቀሰቀሰብኝ ቁጭት ግን አልለቀቀኝምና ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት የሠርግ ኤዲተር ነበርሁ። የምንቀርጸው በሚኒ ዲቪ ካሴት ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት አንድ ሰዓት ሙሉ መጠበቅ ግድ ነበር፤ በመሐል መብራት ከጠፋም ሥራው እንደገና ይጀመራል። እየጠበቅን የተቀረጸውን ሁሉ እናየው ስለነበር ግን፣ መቁረጥ ስንጀምር የቱ ምስል የት እንዳለ በቃላችን እናውቀው ነበር። አንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የጊዜው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከጥቂት ሠርግ በላይ አይችልም። ስለዚህ ዲቪዲው ለባለ ሠርጎቹ እንደተሰጠ ፋይሉን ማጥፋትና በካሴቱ ላይ ሌላ ሠርግ መቅረጽ የቤቱ ደንብ ነበር።

ከነዚያ ሠርጎች በአንዱ ሙሽራዋ የአያቷን ጉልበት ስትስም፣ ሽማግሌው ሁለት እጆቻቸውን ራሷ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቋት። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ በየመሐሉ እያቆሙ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ዙሪያቸውን የቆመውም ሰው «አሜን» እያለ ይጠብቃቸዋል። እኔም እንደ ጊዜው ልማድ ዝምታውን ቆራርጬ ምርቃቱን ከአንድ ደቂቃ በታች አደረግሁት፤ ከሥሩ የሠርግ ዘፈን አስገባሁበት፣ ማብቂያው ላይም የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ የሚመስል ትራንዚሽን (ከምስል ወደ ምስል መሸጋገሪያ) ጨመርሁ። ቤተሰቡ አይቶ ተደሰተ፤ አመሰገነም።

ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ያች ሙሽራ መጥታ፣ ልጆቿ የቅድመ አያታቸውን ምርቃት በሙሉ እንዲሰሙት ያለ ዘፈን እንድሰጣት ለመነችኝ። ፕሮጀክቱ በአሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስከፍተው የክሊፖቹ (የቪዲዮ ቁራጮቹ) ስምና የቆረጥሁባቸው ቦታዎች በሙሉ ክሊፕ በተራ በሚደረደርበት መስመር፣ በታይምላይኑ ላይ፣ ተሰድረው ታዩ፤ ምስልም ድምፅም ግን አልነበረም። የፕሮጀክት ፋይል የሚይዘው የትኛው ክሊፕ ከየት እስከ የት እንደሚታይ የሚገልጽ መመሪያ ብቻ ነው። ዛሬ በሚከፈልበት የሪዞልቭ ቅጂ ውስጥ የሰውን ድምፅ ከጀርባው ድምፅ የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ተቆርጦ የወደቀውን ምርቃት የሚመልስ መሣሪያ ግን የለም። ሴትዮዋ ምንም ሳትወቅሰኝ አመስግናኝ ሄደች፤ ያም የበለጠ ከበደኝ።

ስለዚህ ወደ ከፍተኛው ሶፍትዌር ስትሻገሩ አስቀድማችሁ የምትማሩት ፋይል አያያዝን ይሁን። ሥራ ሳትጀምሩ ቪዲዮውን፣ ድምፁን፣ ሙዚቃውንና ፕሮጀክቱን በአንድ ፎልደር ሥር ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሁለተኛ ቅጂውንም ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሩ። ፎልደሩን ከቦታው ካነሣችሁት ሶፍትዌሩ ክሊፖቹን ያጣቸዋል። ንግግርና ሙዚቃን ሁልጊዜ በየራሳቸው ትራክ (የታይምላይን መደዳ) ላይ አድርጉ። ሪዞልቭ ውስጥ ለድምፅ ብቻ የተሠራ ፌርላይት የሚባል ገጽ አለ፤ ወጣቶቹ ግን በቀጥታ ቀለም ወደሚስተካከልበት ከለር ገጽ እየሮጡ እሱን ከፍተው እንኳ አያዩትም።

ስልክ የቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት፣ ይዋዥቃል፤ ረጅም ቃለ መጠይቅ ላይም ድምፁ ከከንፈር እየራቀ ይሄዳል። ይህን አስቀድሞ ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ወደ ቋሚ ፍጥነት መለወጥ ይቻላል። ሪዞልቭ ላይ ደግሞ ቪዲዮ ከማስገባታችሁ በፊት የፕሮጀክቱን የፍሬም ፍጥነት ወስኑ፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ መለወጥ አይፈቅድላችሁም።

የዛሬ ወጣት እጁ ፈጣን ነው፤ እኛ ቀኑን ሙሉ የምንለፋበትን በአውራ ጣቱ ሲሠራው አይቼ ተደንቄአለሁ። ዝምታን ግን አጥብቆ ይፈራል፤ ሰው ለመናገር ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ ይቆርጠዋል። የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ በደቂቃዎች ገልብጦ፣ የተቀረጸውን ሳያይ መቁረጥ ይጀምራል። ይህ ያሳስበኛል።

የአንድ ደቂቃ የቲክቶክ ሥራ ከሆነ ግን ካፕካት ይበቃችኋል፤ ለመሻገርም አትቸኩሉ። እንዲህ እያልሁም እኔ ራሴ ወደ ሪዞልቭ ቀደም ብዬ ብሻገር ኖሮ ብዬ እመኛለሁ፤ ሁለቱም ስሜት አለብኝ።

ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ የምትቀጠርበት ቤት በፕሪሚየር የሚሠራ ከሆነ ፕሪሚየርን ተማር። ለብቻህ የምትሠራ ከሆነ፣ የውጭ ምንዛሬ በሚቸግርበት አገራችን በየጊዜው ክፍያ ከሚጠይቅ ይልቅ የሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ይሻልሃል። የሚከፈልበትም ቢሆን 295 ዶላር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ በካፕካት የጨረስኸውን አንድ ሥራ ያለ ምንም ኢፌክት እንደ አዲስ ቁረጠውና አምጥተህ አሳየኝ።