ስለ ቆሽት ካንሰር ለጠየቃችሁኝ

ባሕር ዳር በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ስለ ቆሽት ካንሰር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቆሽትና ጣፊያ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ጣፊያ በግራ ጎድን ሥር ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ ምግብ የሚያልም ፈሳሽና ኢንሱሊን የሚያመነጭ ነው። «ቆሽቴ አረረ» የምንለው እርሱን ነው፤ በእውነት ሲታመም ግን ለረጅም ጊዜ ድምፅ አያሰማም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በሽታው ከቆሽት የሚወጣው በየት በኩል ነው? ያስረዱን።

መልስ፦ በደም ሥር ወደ ጉበት፣ በነርቭ ዙሪያ፣ በሊምፍ ቱቦም ይሄዳል። ከደም ሥር ወደ ሥጋ የሚሰርገውን ውኃ ትንንሽ የሊምፍ ቱቦዎች ይሰበስቡታል፤ ርብና ጉማራ ጣና እንደሚገቡ ሁሉ፣ አብዛኛው ሊምፍ በስተመጨረሻ ከግራ አንገት ግርጌ ደም ውስጥ ይገባል። የቱቦዎቹ ግድግዳ ስስ ስለሆነ የካንሰር ሴል ሾልኮ ይገባል። ይባስ ብሎ ዕጢው ቪኢጂኤፍ-ሲ የተባለ ፕሮቲን እያመነጨ አዳዲስ ቱቦዎች ወደ እርሱ እንዲበቅሉ ያደርጋል። መውጫውን ራሱ ያሠራል ማለት ነው።

በቀዶ ሕክምና የወጣ ቆሽት ሲመጣልኝ በዙሪያው ያለውን ስብ በጣቴ እየዳበስኩ ንፍፊቶቹን፣ ማለትም በሊምፍ ቱቦዎቹ መንገድ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማጣሪያዎች፣ እለቅማለሁ። አንዳንዱ ባቄላ ያህላል፤ አንዳንዱ ከምስር ያንሳል። ቢያንስ 12 ሳላገኝ አልነሣም። በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጤነኛው ንፍፊት ጤፍ እንደተበተነበት በሐምራዊ ነጥብ ይሞላል። ካንሰር የገባበት ግን ጠርዙ ላይ፣ ሊምፉ መጀመሪያ በሚደርስበት ቦታ፣ ቅርጻቸው የተዛባ የሴል ቀለበቶች ይታዩበታል። ከ1 እስከ 3 ንፍፊት ከተነካ ዝቅ ያለ የንፍፊት ስርጭት ደረጃ ነው፤ 4 ከሞላ የከፋ ነው።

ጥያቄ፦ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» እየተባለ እናቴ ቀዶ ሕክምና ፈርታለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ አባባል ብዙ ሰው አስቀርቶብናል። ሆዱ ሲከፈት ተሰራጭቶ የሚገኘው ቀድሞ የተሰራጨ ነው። ከዚህ በሽታ የመዳን ተስፋ ያለው ዕጢው ሳይስፋፋ ተቆርጦ ሲወጣ ነው። እናትሽን እባክሽ አግባቢያቸው።

ጥያቄ፦ የሊምፍ ቱቦዎቹን እድገት የሚያግድ መድኃኒት አለ?

መልስ፦ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ወደ ንፍፊት የሚደረገውን ስርጭት ቀንሷል። ለሰው የቆሽት ካንሰር ግን በዚህ መንገድ የሚሠራ የጸደቀ መድኃኒት የለም።

ጥያቄ፦ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠትስ ካንሰር ነው?

መልስ፦ አይደለም። እርሱም የሊምፍ ቱቦ ጉዳት ነው፤ መንሥኤው አፈር ነው። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነኝ። የ65 ዓመት አባቴ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ሕመም የላቸውም፤ ልብሳቸው ግን ሰፍቷቸዋል። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል እየጠጡ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅጠሉን አስቁማቸው። ያለ ሕመም ዓይን ቢጫ ሆኖ ሰውነት ሲከሳ፣ በቆሽት ራስ ላይ ያለ ዕጢ የሐሞት ቱቦን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። የሐሞት ጠጠር ወይም የጉበት ሕመምም ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመሩ አትደምድም። ሽንታቸው ጠቁሮ፣ ሰገራቸው ነጥቶ እንደሆነ ጠይቀህ ለሐኪሙ ንገር፤ የሆድ አልትራሳውንድ ይታዘዝላቸው። ነገ በጠዋቱ ጀልባ ይዘሃቸው ና።