ዛፉ ላይ ጨርቅ ብናስር ነውር ነው?

ጥያቄ፦ አየርላንድ ውስጥ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞሉ ዛፎች አሉ። መንገደኛ ቢያስርባቸው ነውር ይሆናል?

መልስ፦ እንደ ዛፉ ነው። ሜዳ መሀል ብቻውን የቆመ፣ ሆቶርን የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የፌሪዎች፣ ማለትም የስውር ፍጡራን ነው ተብሎ ስለሚታመን ጨርሶ አይነካም። ክሌር አውራጃ፣ ላቱን በሚባል ቦታ ያለውን እንዲህ ያለ ዛፍ ከአዲስ መንገድ ሥራ ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1999 ተቃውሞ ተነስቶ መንገዱ ዛፉን ሳይነካ ተሠርቷል። በ2002 ቅርንጫፎቹን በመጋዝ ቢጨፈጭፉበትም መልሶ አቆጥቁጧል።

ጨርቅ የሚታሰረው ጸበል ምንጭ አጠገብ ባለ ዛፍ ላይ ነው። ጨርቁን ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ የታመመውን ቦታ ዳብሶበት ማሰር፤ ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም አብሮ ይጠፋል ነው እምነቱ። ስለዚህ ናይለን ፈጽሞ አይሆንም! አይበሰብስም፤ ቅርንጫፉ ሲወፍርም ልጡን አንቆ ያደርቀዋል። ስስ የጥጥ ቁራጭ፣ ጣት በሚያስገባ ልል ቋጠሮ ይበቃል።